የፑንጃቢ ሠርግ ከተጠራችሁ ጠዋቱ እንዳያመልጣችሁ

ለንደን፣ በርሚንግሃም ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ሐበሻ ውሎ አድሮ አንድ ወፍራም የሠርግ ካርድ እጁ ይገባል። የሚጠራው የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ ወይም የልጁ ጓደኛ ቤተሰብ ነው። ካርዱ ቀይና ወርቅማ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የጣፋጭ ሳጥን አለ። ሲከፈት አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ወረቀት ይወጣል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ቀን፣ ሰዓትና አድራሻ አለው። አብዛኛው ተጋባዥ ግራ ይገባውና የመጨረሻውን፣ የምሽቱን ግብዣ ይመርጣል። ዘንጦ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሠርጉን ግን አላየውም።

ሠርጉ ያለው ጠዋት ላይ ነው። ከሁሉም ዝግጅት አንዱን ብቻ መሄድ የምትችሉ ከሆነ የምሽቱን ትታችሁ የጠዋቱን ሂዱ። ይህን መመሪያ የምጽፈው እዚያ ስትገቡ እንዳትደነግጡ፣ እንዳታፍሩና ቤተሰቡን በሚገባ እንድታከብሩ ነው።

የምናገረው በእንግሊዝ ስላሉ የፑንጃብ ሲኮች፣ ማለትም መነሻቸው ከሰሜን ሕንዱ ፑንጃብ ስለሆነ የሲክ እምነት ተከታዮች ነው። «የሕንድ ሠርግ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። የጉጅራት ሂንዱዎች በእሳት ዙሪያ ይዞራሉ። የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሙስሊሞች ኒካህ ያስራሉ። የታሚሎቹ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጠራችሁ ቤተሰብ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ። ካርዱ ላይ ቦታው «ጉርድዋራ»፣ ሥነ ሥርዓቱ «አናንድ ካራጅ» ከተባለ ይህ መመሪያ የእናንተ ነው። ጉርድዋራ የሲኮች የጸሎት ቤት ነው፤ አናንድ ካራጅ ደግሞ ጋብቻው። ካናዳ ብራምፕተን ወይም ሰሪ ያላችሁም ብዙ ልዩነት አታገኙም።

ከአዛውንቶቹ ጋር ለመጨዋወት ስለሚጠቅማችሁ እግረ መንገዴን ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1947 (እ.ኤ.አ.) ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ወንዶቹ ወደ እንግሊዝ መጥተው ሳውዝሆል፣ ስሜዚክና ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ በፋብሪካና በብረት ማቅለጫ ተቀጠሩ። የሂትሮው አየር ማረፊያም የብዙዎቹ እንጀራ ሆነ። ሌሎቹ የመጡት ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ከ1896 ጀምሮ የሞምባሳን የባቡር ሐዲድ ከሠሩት መካከል ብዙዎቹ ፑንጃቢዎች ነበሩ። ልጆቻቸው ናይሮቢና ካምፓላ አደጉ። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ሲያባርር ብዙዎቹ እንግሊዝ ገቡ። ስለዚህ ስዋሂሊ የሚናገሩ ሲክ አያት ብታገኙ አትገረሙ። ከኢትዮጵያ እንደሆናችሁ ንገሯቸው፤ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ራሱ ይሄዳል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ የሚኖሩ ሲኮች ወደ 524 ሺህ ይደርሳሉ።

1. ካርዱን አንብቡና ቁርጥ ያለ መልስ ስጡ

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የተላከላችሁ ለየትኛው ዝግጅት እንደሆነ ለዩ። የቤት ውስጥ ዝግጅቶች ለቅርብ ሰው ናቸው፤ የእነሱ ወረቀት ካልደረሳችሁ አትቀየሙ። «ከነቤተሰብዎ» ካለ ልጆችም ተጠርተዋል። የእናንተ ስም ብቻ ካለ ደግሞ ለሁለት ሰው ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ጠይቁ።

ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ ቶሎ አሳውቁ። የምሽቱ አዳራሽ ምግብ በሰው ቁጥር ነው የሚከፈለው። «እንሞክራለን» የሚለው የእኛ መልስ ለእነሱ መልስ አይደለም።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የጉርድዋራው በአብዛኛው ይከበራል። በአንድ ቀን ሌላ ሠርግም ሊኖር ስለሚችል አዳራሹ በሰዓት ነው የሚሰጠው፤ ሥነ ሥርዓቱንም ከእኩለ ቀን በፊት መጨረስ የተለመደ ነው። የምሽቱ ግን ይዘገያል።

በሕግ ፊት የሚፈረመው ጋብቻ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። አንዳንዶቹ አስቀድመው በማዘጋጃ ቤት ይፈርማሉ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ጉርድዋራ። ይህ እናንተን አያሳስባችሁም። ቤተሰቡ «አሁን ተጋቡ» የሚለው ጉርድዋራው ውስጥ ሲያልቅ ነው።

2. ልብሱን አስቡበት

ለእኛ ሰው ሠርግ ማለት ነጭ ነው። ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለመልበስ ታስባላችሁ፤ ቢያምርም እዚህ ላይ ቆም በሉ። በፑንጃብ ሙሉ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። ማንም አይቆጣችሁም፤ እንግዳ መሆናችሁን ያውቃሉ። አያቶቹ ግን ልባቸው ቅር ሊለው ይችላል። ጥለቱ ሰፊና ደማቅ የሆነ፣ ወይም ጨርቁ ራሱ ባለቀለም የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ልበሱ። ሙሉ ጥቁርም ለቀን አይመከርም። ደማቁን ቀይ ለሙሽራዋ ተዉላት። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ ሮዝ፣ ሁሉም ይሄዳል።

የሕንድ ልብስ ልበሱ ከተባላችሁ ደግሞ በደስታ ልበሱ። ሳውዝሆል ብሮድዌይ ላይ ሳልዋር ካሚዝ፣ ማለትም ረጅም ቀሚስና ሱሪ፣ የሚሸጥበት ሱቅ ሞልቷል። ለጉርድዋራ ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው፤ መሬት ላይ እግር አጣጥፎ ለመቀመጥ ጠባብ ቀሚስ ያስቸግራል። ትከሻና እግር ይሸፈን።

ራስ መሸፈን ግዴታ ነው፤ ለወንድም ለሴትም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ ይዛችሁ ሂዱ። ነጠላ ከአንገት በላይ በደንብ ስለሚይዝ፣ ጥለቱም ስለሚያምር፣ ለዚህ ሥራ ከሐር ሻርፕ ይሻላል። ወንዶች ኮፍያ አይሆንም። መግቢያው ላይ በቅርጫት የሚቀመጥ ብርቱካናማ ጨርቅ አለ፣ ከኋላ ታስሮ ይለበሳል። የራሳችሁን ንጹሕ መሐረብ ብትይዙ ደግሞ ጥሩ ነው። አንዳንዴ የሙሽራው ወገን ለእንግዶች ጥምጣም የሚያስር ሰው ያዘጋጃል፤ ከጋበዟችሁ እሺ በሉ። ደስታቸው ልክ የለውም።

ጫማ ስለምታወልቁ ካልሲው ያልተቀደደ ይሁን። ሲጋራ፣ ላይተርና የትኛውንም የትምባሆ ዕቃ መኪና ውስጥ እንኳ ሳይሆን ቤት ተዉት። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሌሊትና ጠዋት አልኮል አትቅመሱ።

3. ስጦታው

አብዛኛው ካርድ የታሸገ ስጦታ አታምጡ ይላል። የሚሰጠው ገንዘብ ነው፣ በፖስታ። መጠኑ ግን ሙሉ ቁጥር አይሁን። 21፣ 31፣ 51፣ 101 ፓውንድ ነው የሚሰጠው። ያቺ ተጨማሪ አንዷ ፓውንድ የመልካም ምኞት ነች፤ የተሰጠው እንዲያድግ፣ በዜሮ እንዳይዘጋ። ሱቆቹ ፊቱ ላይ አንድ ሳንቲም የተለጠፈበት ፖስታ ይሸጣሉ። አንድ የሥራ ባልደረባ 51 ቢሰጥ አያሳፍርም። ባልና ሚስት ሆናችሁ ለቅርብ ወዳጅ ከሆነ 101 ያምራል። ስማችሁን ፖስታው ላይ ጻፉ፤ ማን ምን እንደሰጠ የሚመዘግብ ሰው አለ፣ እነሱም በተራቸው እናንተ ስትድሩ ይመልሳሉ። ፖስታውን ምሽት ላይ መድረክ ወጥታችሁ ስትስሟቸው መስጠት ይቀላል። ለጠዋቱ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ለእናት ወይም ለአባት እጅ ስጡ።

4. ወደ ቤት ከተጠራችሁ፦ የዋዜማዎቹ ቀናት

ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት የሙሽራዋ ቤት በሴቶች ይሞላል። የእናቷ ወገን በተለይ የራሱ ድርሻ አለው። የእናቷ ወንድም፣ ማለት የሷ አጎት፣ ከአባቷ ያላነሰ ሰው ነው።

ማያን የሚባለው ቀን ሙሽራዋ ዝቅ ባለ የእንጨት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አራት ሴቶች ከራሷ በላይ ቀይ ጨርቅ ይዘረጋሉ። ዘመድ ሁሉ በተራ እየመጣ ከእርድ፣ ከዱቄትና ከሰናፍጭ ዘይት የተለወሰ ሊጥ ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን ይቀባታል፤ እየዘፈኑ ነው የሚያደርጉት። እናንተንም «ነይ ቅቢያት» ይሏችኋል። ጥቂት ወስዳችሁ ጉንጯንና እጇን በስሱ ቀቡ። በዚህ ቀን አዲስ ልብስ አትልበሱ። እርድ ከጨርቅ አይለቅም፣ ሊጡም ከሙሽራዋ አልፎ የእንግዳ ፊት ላይ መድረሱ የተለመደ ነው።

መህንዲ የሂናው ምሽት ነው። ሐረር፣ ወሎ ወይም ጂማ ያደጋችሁ ከእጅና ከእግር ማስዋብ ጋር አዲስ አይደላችሁም። እዚህ ግን ሥራው እንደ ዳንቴል የረቀቀ ነው፤ ሙሽራዋ ከጣቷ እስከ ክርኗ፣ ከእግሯ ጣት እስከ ባቷ ለሰዓታት ትቀመጣለች። የሙሽራው ስም በስዕሉ መሐል ተደብቆ ይጻፋል፣ እሱም በኋላ እንዲፈልገው ይደረጋል። ለእንግዶች ትንሽ ስዕል ይሠራል። ከመቀመጣችሁ በፊት ብሉ፣ መጸዳጃ ቤትም ሂዱ፤ ከተቀባችሁ በኋላ እጃችሁ ሥራ ይፈታል። ሊጡ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው። ስታነሱት በውኃ አታጥቡት፣ ፈግፍጉት። መጀመሪያ ብርቱካናማ ይሆንና በአንድ በሁለት ቀን ይጠቁራል። ወዲያው ጥቁር የሚያደርግ «ጥቁር ሂና» የሚባል ነገር ካቀረቡላችሁ እምቢ በሉ። የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የሚገባበት ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጠባሳ የተረፋቸው አሉ።

ጃጎ የሌሊቱ ጨዋታ ነው። የአጎቷ ሚስት በመብራት ያሸበረቀ የመዳብ እንስራ በራሷ ትሸከማለች። ሴቶቹ እያጨበጨቡና እየዘፈኑ መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ። የእንግሊዝ ጎረቤት እንዳይደናገጥ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነግራል። ድሮ በሊጥ ኩራዝ ቅቤ ነበር የሚነደው፤ ዛሬ የባትሪ መብራት ነው። እንስራውን አንድ ጊዜ እንድትይዙት ይሰጧችኋል፤ ያዙና ጨፍሩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን ቀልቤን የሚይዘው የቹራው ሰዓት ነው። ቹራ ቀይና ነጭ የሆኑ የእጅ አምባሮች ስብስብ ነው፤ ብዙ ጊዜ 21 ይሆናሉ። ድሮ ከዝሆን ጥርስ ነበሩ። አጎቶቿ አምባሮቹን ወተት በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ነክረው ክንዷ ላይ አንድ በአንድ ያስገቡላታል። ጠባብ ስለሆኑ እጇን ጨመቅ አድርገው፣ በዘይት አለስልሰው ነው። ከዚያ በጨርቅ ይሸፈናሉ፤ በአንዳንድ ቤት ሙሽራዋ እስከ ጋብቻው ሰዓት አታያቸውም። ልጅ ሳለች ትከሻቸው ላይ የተሸከሟት አጎቶች አምባሩን ሲገፉ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እዚህ ሰዓት ላይ ካላችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱ። በመጨረሻ አምባሮቹ ላይ ካሊሬ የሚባል የወርቅማ ጃንጥላ የሚመስል ጌጥ ይንጠለጠላል። ሙሽራዋ ባላገቡ ሴቶች ራስ ላይ ታራግፈዋለች፤ ቁራጭ የወደቀባት ቀጥላ ታገባለች ይባላል። ያላገባችሁ ከሆነ ጎትተው ነው የሚያስቀምጧችሁ።

5. ጠዋት፦ የሙሽራው ወገን ሲደርስ

ጥሪያችሁ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በፈረንጆቹ 9 ሰዓት) ይሆናል። የሙሽራው ወገን ባራት ይባላል፤ ዶል የሚባለውን ትልቅ ከበሮ እያስመታ፣ እየጨፈረ ይመጣል። ሙሽራው በነጭ ፈረስ፣ ወይም በተከራየ የቅንጦት መኪና ሊመጣ ይችላል። ከጎኑ በእሱ ልብስ አምሳያ የለበሰ ትንሽ ልጅ ካያችሁ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው።

በሩ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ለፊት ይቆማሉ። መጀመሪያ ጸሎት ይደረጋል። ከዚያ ሚልኒ ነው፤ አባት ከአባት፣ አጎት ከአጎት፣ ወንድም ከወንድም በስም እየተጠሩ ይገናኛሉ። የአበባ ጉንጉን ይጠላለቃሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን ከመሬት ለማንሳት ሲታገሉ ካያችሁ አትደንግጡ፤ የደስታ ነው። ቀጥሎ የሙሽራዋ እህቶችና ጓደኞች በሩን በሪባን ይዘጉና ገንዘብ ካልተከፈለ አናስገባም ይላሉ። ሠርገኛን በር ላይ ማቆም ለእኛ ሰው አዲስ ስላልሆነ ይህን ክፍል እንደምትወዱት አልጠራጠርም። በየትኛው ወገን እንደተጠራችሁ አስታውሱና ከወገናችሁ ጋር ጩኹ።

ሰላምታው «ሳት ስሪ አካል» ነው፣ ሁለት እጅ አጋጥሞ። መልሱም ያው ነው። ትልልቆቹን «አንቲ ጂ»፣ «አንክል ጂ» በሏቸው፤ በስማቸው አትጥሩ። ወጣቶቹ ጎንበስ ብለው የአዛውንት እግር ሲነኩ ታያላችሁ። የሽማግሌ ጉልበት ስመን ላደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም፤ ጎንበስ ብትሉ በእጃቸው ቀና አድርገው ይመርቋችኋል።

ከዚያ ሻይ ነው። ሳምቡሳ፣ ፓኮራ፣ ጣፋጭ፣ በቅመም የፈላ ሻይ ይቀርባል። በደንብ ብሉ፤ ምሳ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሰዓት አለ።

6. ጉርድዋራው ውስጥ

ጫማችሁን መደርደሪያው ላይ ስታኖሩ ቦታውን አስታውሱ፤ የብዙ መቶ ሰው ጫማ ነው። ራሳችሁን ሸፍኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ስልክ ዝጉ።

አዳራሹ ወንበር የለውም፣ ምንጣፍ ነው። ፊት ለፊት ከፍ ባለ ዙፋን ላይ፣ ባሸበረቀ ጨርቅ ጥላ ሥር፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ አለ። 1,430 ገጽ ያለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ነው። ሲኮች እንደ መጽሐፍ ብቻ አያዩትም፤ ሕያው መምህራቸው ነው። ሌሊት ያሳርፉታል፣ ጠዋት በክብር ያነሱታል፣ ከኋላው የቆመ ሰው ነጭ ጭራ ያወዛውዝለታል። ይህን ካወቃችሁ የቀረው ሥርዓት ሁሉ ራሱ ይገባችኋል። እግር ወደሱ አይዘረጋም፤ ጀርባም አይሰጥም።

መሐሉን ምንጣፍ ይዛችሁ እስከ ፊት ትሄዳላችሁ። ሲኮቹ ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ወይም ብር ይጥላሉ። እናንተ እንድትሰግዱ ማንም አያስገድዳችሁም። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆናችሁ ኅሊናችሁ ካልፈቀደ እጅ አጋጥማችሁ ትንሽ ቁሙና እለፉ፤ ክብር እንደሰጣችሁ ይቆጠራል። አንድ ፓውንድ መጣል ደግሞ ለነጻው ምግብ ስለሚውል ለማንም አይከብድም። ከዚያ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ይቀመጣሉ። ጉልበቱን የሚያመው ከኋላ ወይም ከጎን አግዳሚ ወንበር ያገኛል፤ አታፍሩ።

አሁን ሙሽራው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። ሙዚቀኞቹ በሃርሞኒየምና በታብላ ከመጽሐፉ ይዘምራሉ። ሙሽራዋ በወንድሞቿ ወይም በእህቶቿ ታጅባ ትገባለች፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፤ ከሙሽራው በስተግራ ትቀመጣለች። ሁለቱና ወላጆቻቸው ብቻ ቆመው አጭር ጸሎት ይደረጋል።

ቀጥሎ ያለውን አትለፉት። ሙሽራው ትከሻ ላይ ረጅም ሻሽ አለ፣ ፓላ ይባላል። የሙሽራዋ አባት ከተቀመጠበት ይነሳና የሻሹን ጫፍ ከሙሽራው ትከሻ ያነሳል። ጎንበስ ብሎ በልጁ እጅ ላይ ያኖረዋል። ጣቶቿን ራሱ ያጥፍላታል። አንድም ቃል አይናገርም። ያን የመሰለ ተጫዋች ሰው፣ በሩ ላይ ሲስቅ የነበረው፣ ወደ ቦታው ሲመለስ በጥምጣሙ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ላቫን ይጀመራል። አራተኛው ጉሩ (የእምነቱ መምህር)፣ ጉሩ ራም ዳስ፣ የደረሷቸው አራት የመዝሙር ክፍሎች ናቸው። መጀመሪያ አንዱ ይነበባል፤ ሙሽሮቹ ይሰግዳሉ፣ ይነሳሉ። ሙዚቀኞቹ ያንኑ ሲዘምሩ ሙሽራው ከፊት፣ እሷ ሻሹን ይዛ ከኋላ፣ መጽሐፉን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ወንድሞቿ በየማዕዘኑ ቆመው ከአንዱ ወደ አንዱ ይቀባበሏታል። ተመልሰው ይሰግዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሁለተኛው ይነበባል። አራት ጊዜ።

የመጀመሪያው ዙር ስለ ግዴታና ስለ ቀና ኑሮ ነው። ሁለተኛው ከእውነተኛው መምህር ጋር ስለ መገናኘትና ፍርሃት ስለ መልቀቁ። ሦስተኛው ስለ ናፍቆት። አራተኛው ነፍስ ከፈጣሪዋ ጋር አንድ ስለ መሆኗና ስለ ሰላም። ስለ ባልና ሚስት በቀጥታ የሚያወራ ነገር እምብዛም የለበትም። ሁለት ሰው አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ነው የሚዘመርላቸው፤ ለዚህም ነው ይህን ክፍል ሳላይ ሠርጉን አየሁ የማልለው።

ቀለበት ማሰር የለም። «ትፈቅዳለህ ወይ» የሚል ጥያቄ የለም። «ባልና ሚስት ናችሁ» ብሎ የሚያውጅም የለም። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ተጋብተዋል። ብዙ የውጭ እንግዳ ማጨብጨቢያውን ሲጠብቅ ያልፈዋል። እናንተ አውቃችሁ ጠብቁት። እልልታ እዚህ ውስጥ አይሆንም፤ ለበሩ አቆዩት።

በመጨረሻ ሁሉም ይቆማል፣ ረጅም ጸሎት ይደረጋል፣ ትቆማላችሁ። ከዚያ ካራ ፕራሻድ ይታደላል። ከስንዴ ዱቄት፣ ከስኳርና ከተነጠረ ቅቤ በእኩል ልክ የሚሠራ ትኩስ ገንፎ መሰል ጣፋጭ ነው። ተቀምጣችሁ፣ ሁለት እጃችሁን ደርባችሁ እንደ ጎድጓዳ አድርጉ። ትንሽ ከፈለጋችሁ «ትንሽ» በሉ። ከተቀበላችሁ ግን ጨርሱት፤ መሬት መጣልም ሆነ ቆሻሻ ውስጥ መክተት ትልቅ ድፍረት ነው። የተባረከ ምግብ ስለሆነ ለመቀበል ኅሊናችሁ ካልወደደ፣ ወይም ጾም ከያዛችሁ፣ አዳዩ ሳይደርስ እጅ አጋጥማችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ። ያልፋችኋል፣ አይቀየምም።

7. ላንጋር

ላንጋር የጉርድዋራው ነጻ ማዕድ ነው፤ የሠርጉ ዕለት ቤተሰቡ ወጪውን ይሸፍናል። ማንም መንገደኛ ገብቶ ይበላል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም። ስለዚህ ሙስሊም እንግዳ ያለ ሐሳብ ይበላል። ኦርቶዶክስ ሆናችሁ ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ወተትና ቅቤ አለበት። ምስሩ በቅቤ ሊቁላላ፣ ቂጣው በቅቤ ሊቀባ ይችላል። ያለ ቅቤ የተሠራ ካለ ጠይቁ፤ ሩዝና ሰላጣ አይጠፋም።

ቂጣውን በሁለት እጅ ተቀበሉ። ሲበቃችሁ መዳፋችሁን ከትሪው በላይ ዘርጉ፤ አለዚያ መጨመራቸውን አያቆሙም። የተቀበላችሁትን አትተዉ። ጊዜ ካላችሁ ትሪ ማጠብ ወይም ውኃ ማዞር ላይ ግቡ። ማንም ቢሆን ይፈቀድለታል፣ በሥጦታ ፖስታ የማይገኝ ፍቅርም ታተርፋላችሁ።

8. ስንብቱ

ዶሊ የሙሽራዋ ከቤት መውጣት ነው። ሩዝ በእፍኟ ይዛ ወደ ኋላዋ፣ በራሷ ላይ አሳልፋ ትበትናለች፤ ለወላጆቿ ቤት በረከት ትታ ስትሄድ። ወንድሞቿ መኪናውን ጥቂት ይገፉላታል። ለቅሶ አለ፣ እውነተኛ ለቅሶ። ፎቶ ለማንሳት ወደ ፊት አትጋፉ። በሙሽራው ቤት በር ላይ ደግሞ እናቱ ውኃ በሙሽሮቹ ራስ ዙሪያ እያዞረች ለመጠጣት ትሞክራለች፣ ልጇ ይከለክላታል፤ እዚያ የሚስቀው በዝቶ ነው።

9. ምሽቱ

ስለ ምሽቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሚያስደስት ግብዣ ነው። ዋናው ምግብ በጣም ስለሚዘገይ ልጆቻችሁን ቀድማችሁ አብሏቸው። መጠጥ ሊኖር ይችላል። ሥጋው ሐላል ላይሆን ስለሚችል ሙስሊሞች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተጠመቁ ሲኮች በሐላል መንገድ የታረደ አይበሉም። የፑንጃቦቹ ጭፈራ ባንግራ ሲመታ ግቡበት። ትከሻው ላይ ስለሆነ ለእስክስታ ሰው ቶሎ ይያዛል። ዶል መቺውን ስትሸልሙ ገንዘቡን ግንባሩ ላይ አትለጥፉ። በሙሽሮቹ ራስ ላይ አዙራችሁ በእጁ ስጡት።

10. በማግስቱና ከዚያ በኋላ

ለእናትየው ደውሉላት። ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ላኩላት፤ እነሱ ሳይለጥፉ ግን እናንተ የትም አትለጥፉ፣ በተለይ የጉርድዋራውን። ሙሽራዋ ቹራውን ለ40 ቀን፣ አንዳንዷም እስከ ዓመት ስለማታወልቀው ሥራ ቦታ ብታገኟት «አሁንም አላወለቅሽውም?» አትበሏት።

እናንተም በተራችሁ ስትድሩ ወይም ዓውደ ዓመት ሲደርስ ጥሯቸው። አያቶቹ ከነጭራሹ ሥጋና እንቁላል ላይበሉ ይችላሉ፤ የበሬ ሥጋ ደግሞ ብዙዎቹ አይቀምሱም። ስለዚህ በፋሲካ ጠረጴዛ ላይም ቢሆን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ያለበት በያይነቱ ለብቻው ይቅረብላቸው። ማማሰያና ጭልፋው ሥጋ ወጥ ውስጥ ያልገባ ይሁን። ጥሬ ሥጋውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።